ማርሊዝና የሐሙስ ከሰዓት ወንበሮች

ማርሊዝ ኩንትዝ ወደ ሥራ የምትመጣው በብስክሌት ነበር። ጅራታሙ ጥቁር ኮቷ በጎማው እንዳይያዝ ጫፎቹን በልብስ መቆንጠጫ ወገቧ ላይ ትይዛቸዋለች። የብር ሰንሰለቷን በመሀረብ ጠቅልላ ከፊት ባለው ቅርጫት ውስጥ ከጎመን ጋር ታስቀምጠዋለች። ጎመኑ ለወጥ ቤቱ ሴቶች ነው። በሩ ላይ ስትደርስ መቆንጠጫውን ትፈታለች፣ ነጭ ክራቫቷን ታስተካክላለች፣ ሰንሰለቱን አንገቷ ላይ ታጠልቃለች። ከዚያ በኋላ የአትክልተኛው ልጅ መሆኗ ይቀርና የአውሮፓ ፓርላማ ሥርዓት አስከባሪ ትሆናለች። ከአሥራ ሁለት አገር የመጡ እንደራሴዎች እሷ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እኔ በዚያው ቤት የሳጥን ሠራተኞች አለቃ ነበርኩ። እንደራሴዎቹ በወር አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ ስትራስቡርግ ይሰበሰቡና ሐሙስ ወደ ብራስልስ ይመለሳሉ። የእያንዳንዳቸው ወረቀት በቆርቆሮ ሳጥን ተከትሏቸው ይመጣል፣ ተከትሏቸው ይሄዳል። ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ሳጥኑን ቆልፎ ከቢሮው በር ላይ ያስቀምጣል፤ እኛ በጋሪ ሰብስበን የጭነት መኪና ላይ እንጭናለን። ይህን እንደ ተራ ሥራ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ያ ሁሉ አገር ያሰበው ሐሳብ ግን በእኔና በጓደኞቼ ጀርባ ነው ሲመላለስ የኖረው፤ አንድም ቀን መሬት አልነካም።

ከማርሊዝ ጋር ያወዳጀን ቋንቋችን ነው። ሁለታችንም በስትራስቡርግ አካባቢ በሚነገረው በአልዛስኛ አፋችንን የፈታን ነን። በትምህርት ቤት አልዛስኛ የተናገረ ይቀጣ ስለነበር፣ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ኮሪደር ላይ ቆመን እንደ ልባችን በአልዛስኛ ስንቀልድ አንድ ዓይነት ደስታ ይሰማን ነበር።

የተወለደችው ሮበርትሶ ነው። ሮበርትሶ ከፓርላማው በብስክሌት ጥቂት መንገድ ናት፤ ያን ጊዜ ገና ማሳ ነበረች። አባቷ ጎመንና ቀይ ሥር ያመርታል። ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ እንደ ብዙ የአልዛስ ወንድ እሱንም በግድ ዩኒፎርም አልብሰው ወደ ሩሲያ ሰደዱት፤ እዚያም ተማረከ። ጦርነቱ አልቆ ሌላው ሲመለስ እሱ አልመጣም። እናቷ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስትመላለስ፣ ሁሉም «መዝግበነዋል» ይሏታል እንጂ ስሙን በአፉ የሚጠራላት አላገኘችም። ማርሊዝ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አብራ ትዞር ነበር።

ይህን ስታወራ አታዝንም። እሷ የምትወደው መጨረሻውን ነው። አባቷ አንድ የበጋ ቀን በጓሮ በር ገባ፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሚስቱን ከመሳሙ በፊት ማሳውን ዞር ብሎ አየና «ጎመኑን ማነው እንዲህ አጠጋግቶ የተከለው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «አንተ ሩሲያ ተቀምጠህ ማን ያራርቅልህ?»

ስፓኝኛም የለመደችው ከዚያው ማሳ ነው። ከአገራቸው ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስፓኛውያን ለአባቷ ይቆፍሩ ነበር። መጀመሪያ የተማረችው ስድቡን ነው፤ ሌላው ቀስ እያለ መጣ።

በፓርላማው ውስጥ የማርሊዝ ቦታ ሕዝብ የሚቀመጥበት ሰገነት ነበር። እዚያ ላይ የተቀመጠ እንግዳ መናገር አይችልም፣ መቆም አይችልም፣ ማጨብጨብም አይችልም። በዚህ ማርሊዝ ዘመድ አታውቅም ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ አማቷ የአንድ እንደራሴ ንግግር ደስ ብሏት ብታጨበጭብ ክንዷን ይዛ አስወጥታታለች። አማቷ እስከ ፋሲካ አኩርፋ ቆየች። ማርሊዝ ስለዚያ ስትጠየቅ «እንዴት ያለ እረፍት ነበር» ትላለች።

አሁን ስለ ሐሙስ ከሰዓት ልናገር። ሐሙስ ከሰዓት የሰብዓዊ መብት ሰዓት ነው። በሩቅ አገር የታሰረ፣ የተገረፈ፣ የደረሰበት የጠፋ ሰው ጉዳይ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ሐሙስ ከሰዓት የባቡርና የአውሮፕላን ሰዓትም ነው። እኩለ ቀን ላይ ዋና ዋናው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ኮሪደሩ በሻንጣ ይሞላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በአዳራሹ የሚቀሩት ተናጋሪዎቹና ያሸለቡት ብቻ ናቸው። ተናጋሪው ለባዶ ወንበር ይናገራል፤ አስተርጓሚዎቹም ያንኑ በየቋንቋቸው ለባዶ ወንበር ይተረጉማሉ። የውሳኔ ሐሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ምክንያቱም ምልዓተ ጉባኤ ይቆጠር ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ማንም አይቆጥርም። የጠየቀ ከመጣ የወንበሩ ሲሶ መያዝ አለበት። ሲሶው ካልሞላ ጉዳዩ ወደቀ ማለት ነው።

የምነግራችሁ ሐሙስ በኅዳር ወር ነበር። ጠዋት አንዲት አጭር፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰች ሴት ከሁሉም ቀድማ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ስሟ ኤውላሊያ ባልካሳር ነው። የመጣችው ከባሕር ማዶ፣ ጄኔራል ከሚገዛው አገር ነው፤ የኛ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው የአውሮፕላን ትኬቷን ከፍለው ያመጧት። ልጇ ኤፍራይን የከብት ሐኪም ነው። የጄኔራሉን ከብቶች እንዲመረምር ተጠርቶ ሄደ፤ መረመረና «አፍተግር ይዟቸዋል፣ ሥጋው መሸጥ የለበትም» ብሎ ተናገረ። በማግስቱ አገሩን ሰድበሃል ተብሎ ታሰረ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የእሱ ጉዳይ ነበር።

ኤውላሊያ እስከ ምሳ ድረስ ከቦታዋ አልተነሳችም። እኩለ ቀን ላይ ለድምፅ የመጡት እንደራሴዎች አዳራሹን ሞልተውት ስታይ ፊቷ በራ። ማርሊዝን እጇን ያዘቻት።

«ይሄ ሁሉ ሰው ከሰዓትም ይኖራል?» አለቻት በስፓኝኛ።

ማርሊዝ ከሰዓት ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃለች። የሴትየዋን ፊት አየችና «ይኖራል» አለቻት።

ከዚያ በቀጥታ እኔ ዘንድ ወደ መጫኛው በር ወረደች።

«አርሴን፣ ዛሬ ዋሸሁ።»

«ማንን?»

«አንዲት እናት።»

«እንግዲህ ቄስ ጋ ሂጂ፤ እኔ ሳጥን ነው የምጭነው።»

«ንስሐ የምገባበት ጊዜ የለኝም። ውሸቱን እውነት ላደርገው ነው። አውሮፕላን ዛሬ ይነሳል?»

በእጄ ወደ ውጭ አሳየኋት። ከወንዙ የተነሳ ጉም ግቢውን አልብሶት ነበር፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ እንኳ አይታይም። አውሮፕላን ማረፊያው መዘጋቱን ሹፌሮቹ ነግረውኛል። የቀኑ ባቡር ሄዷል፤ የሚቀጥለው ማታ ነው። ሳጥኖቹን የጫነው መኪና ብቻ ጉሙ ሳይከብድ ወጥቶ ወደ ብራስልስ መንገድ ጀምሯል።

«ስለዚህ ሁሉም እዚሁ ናቸው» አለች።

«እዚሁ ናቸው። ግን ቡና ቤት ውስጥ ናቸው። ቡና ቤትና አዳራሽ አንድ አይደለም።»

«ደረጃው ሃያ እርምጃ አይሞላም፣ አርሴን።»

«ለሚፈልግ ሰው ነው አጭር የሚሆነው።»

እውነቴን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ቡና ልጠጣ ወጣሁ፤ ቡና ቤቱ የገበያ ቀን መስሏል። የተናደደ እንደራሴ ማለት ምን እንደሆነ ያላየ አያውቀውም፤ አንዱ ጉሙን ይሰድባል፣ ሌላው ከተማውን፣ ሌላው ደግሞ ፓርላማው እዚህ እንዲሰበሰብ የወሰኑትን ሁሉ። እኔን ሲያዩ ደግሞ ከበቡኝ። የመጀመሪያው ሙሴ ቤልትራሚ ነበር (እኛ ዘንድ አቶን ሙሴ ነው የምንለው)፤ ረጅም ጣሊያናዊ፣ ሁልጊዜ ሽቶ የሚሸት። የኤፍራይንን ጉዳይ የሚያቀርበው እሱ ነው።

«አርሴን፣ ሳጥኔ የት አለ?»

«ሙሴ ቤልትራሚ፣ ሳጥንዎ አሁን ሜትዝ ከተማን አልፏል።»

«ንግግሬ እሱ ውስጥ ነው።»

«ሳይናገሩ ለምን ከሳጥን ከተቱት?»

ትንሽ አሰበ። «ሁልጊዜ ሐሙስ ጠዋት ነው የምከተው» አለ። «እጄ ለምዷል።»

ሳላፍር ልናገር፣ እሱ ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት ሊናገሩ ከተዘጋጁት አብዛኞቹ ንግግራቸውን ጠዋት ቆልፈው በራሳቸው እጅ በር ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር። እኛ ደግሞ በር ላይ ያገኘነውን ሳጥን እንጭናለን፤ ጠይቀን አናውቅም።

በዚህ መሀል ማርሊዝ ገባች። ሰንሰለቷን ሳታወልቅ ወደ ቡና ቤት ስትገባ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነው። የሰገነቱን በር ለጓደኛዋ አደራ ብላ ነበር የመጣችው። ቤልትራሚ እሷንም ያዛት።

«ማዳም ኩንትዝ፣ መናገር አልችልም። ወረቀቴ ሄዷል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ።»

«የሰውየውን ስም ያስታውሳሉ?»

«ኤፍራይን... ኤፍራይን...»

«ባልካሳር።»

«ኤፍራይን ባልካሳር።»

«በቃ፣ ንግግሩን ጨረሱት» አለችው። «የቀረው ማዋዣ ነው። እናቱ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ቶሎ ይውረዱ።»

ሰውየው አፉን ከፍቶ ሊመልስላት ሲል አልፋው ሄዳለች። በጥጉ ያለው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ገበሬዎቹ ካርታ ይጫወታሉ። ገበሬዎች የምላቸው በየአገራቸው ከብትና ማሳ ያላቸውን እንደራሴዎች ነው፤ በእርሻ ኮሚቴ ውስጥ ስለሆኑ ሳምንቱን ሙሉ አይለያዩም። አለቃቸው ባይባልም አለቃቸው ፊንባር ኮንሮይ ነው፤ አየርላንዳዊ፣ አንገቱ የወይፈን አንገት የሚያህል፣ ከሰላሳ ላም በላይ ያለው። የሐሙስ ከሰዓትን ስብሰባ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ማርሊዝ ከጀርባው ቆመች።

«ሙሴ ኮንሮይ፣ አፍተግር ያውቃሉ?»

ኮንሮይ ከካርታው ቀና አላለም። «አያቴን የገደላት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ከብቶቹ ባለቁ በሳምንቱ ነው የሞተችው።»

«እንግዲያው አዳራሹ ውስጥ አሁን ስለ አፍተግር ሊወራ ነው።»

«ሐሙስ ከሰዓት? ሐሙስ ከሰዓት የእስረኛ ነው።»

«እስረኛው የከብት ሐኪም ነው። የጄኔራሉ ከብት ታሟል ስላለ ነው ያሰሩት።»

«የማን ጄኔራል?»

ማርሊዝ አገሩን ነገረችው። ኮንሮይ ካርታውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አጠገቡ የነበረው ዴንማርካዊ ካርታውን አይቶ ሳቀ።

«የዚያ አገር ሥጋ ወደ እኛ አይደል የሚመጣው?» አለ ኮንሮይ።

«እኔ ሥርዓት አስከባሪ ነኝ፣ ሙሴ። ስለ ሥጋ እናንተ ታውቃላችሁ።»

«በመርከብ ነው የሚመጣው» አለ ዴንማርካዊው፤ ሳቁ ጠፋ። «ሐምሌ ላይ ፈቃዱን ያደስነው እኛ ነን።»

«ተነስ» አለው ኮንሮይ።

«ጨዋታውን ልጨርስ፤ ላሸንፍ ነው።»

«ከብት ታሞ ካርታ አይጫወቱም። ተነስ።»

ገበሬ የሚኖረው በየፓርቲው ነው፤ ግራም አለ፣ ቀኝም አለ። ከብት ሲታመም ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አያውቅም። ኮንሮይ ወደ ምግብ ቤቱ ገብቶ በሩ ላይ ቆመና «አፍተግር» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወንበሮች ሲንኳኩ ሰማሁ። ከዚያ ጋዜጣ ወደሚነበብበት ክፍል ሄደ፤ እዚያም እንደዚሁ። ገበሬ ያልሆኑትም፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሲያዩ አንድ ነገር ያመለጣቸው መስሏቸው ተከተሉ።

ማርሊዝ ግን ይህን ለማየት አልቆየችም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ሰገነቷ ተመለሰች፤ እኔም ተከተልኳት። በሥራ ልብሴ ነበርኩ፤ እንዲያ ለብሼ ሰገነት ላይ መውጣት እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አልተቀመጥኩም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ታች የነበረው አዳራሽ ባዶ ነበር ቢባል ይቀላል። ኤውላሊያ የፊተኛው ወንበር ላይ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ወንበሮቹን ታያለች፣ ማርሊዝን ዞራ ታያለች፣ እንደገና ወንበሮቹን ታያለች። ማርሊዝ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ቤልትራሚ ተነሳ። እጁ ከልማድ የኮቱን ኪስ ዳበሰ፤ ምንም አላገኘም። ከዚያ ስሙን ተናገረ፦ «ኤፍራይን ባልካሳር።» ወደ ሰገነቱ ቀና ብሎ ኤውላሊያን አያት፤ እንደገና ስሙን ጠራው። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር እንደ ወትሮው ያማረ አልነበረም፤ ይሰናከላል፣ ይመለሳል፣ ቃል ይፈልጋል። ግን ሰው ለሰው እንደሚናገረው ነበር። ስሙን በጠራ ቁጥር የኤውላሊያ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሲጨርስ ሌላ እንደራሴ እጁን አነሳ። የዚህን ሰው ስም አልጽፍም፤ በጄኔራሉ እርሻ ተጋብዞ ፈረስ እንደጋለበ ሁሉም ያውቃል። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከድምፁ በፊት ምልዓተ ጉባኤ እንዲቆጠር ጠየቀ። በጣም ትሑት ሆኖ ነው የጠየቀው። ሰብሳቢዋ አዳራሹን አየች፤ ከዚያ በሐዘን «ይቆጠር» አለች።

ኤውላሊያ ወደ ማርሊዝ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት፦ «ምን አለ?»

«ሲሶው ከሌለ የልጅሽ ነገር ዛሬ አይወሰንም አለ።»

«ሲሶው አለ?»

ማርሊዝ በሩን ነበር የምታየው። እኔም አየሁት። ቆጣሪው ከግራ ጥግ ጀምሮ ነበር፤ ብዙ የሚቆጥረው ስላልነበረው በዝግታ ይራመዳል።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ኮንሮይ ነው፤ ከኋላው ዴንማርካዊው፣ ከዚያ ሁለት ሆላንዳውያን፣ ከዚያ የአንዳቸውን ስም ከሌላው የማልለያቸው የፈረንሳይ ወይን ገበሬዎች። ከዚያ በሩ መዘጋት አቃተው። ቢራና የተጠበሰ ቋሊማ እየሸተቱ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እየተባባሉ ወንበራቸውን ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ሐሙስ ከሰዓት ተቀምጦ ስለማያውቅ ነው መሰል የሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቆጣሪው ጠፋበት፤ ከመጀመሪያው ጀመረ። የጄኔራሉ ወዳጅ ሰዓቱን ማየት አበዛ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለች ኤውላሊያ።

«ገበሬዎች።»

«ስለ ልጄ ነው የመጡት?»

ማርሊዝ በዚያ ቀን አንዴ ዋሽታለች፤ ሁለተኛ አልቻለችም። «ስለ ላሞቹ ነው የመጡት» አለች።

ኤውላሊያ ታች ተመለከተች። «ልጄም ስለ ላሞቹ ነው የታሰረው» አለች። «እንግዲያው ትክክለኞቹ ሰዎች ናቸው የመጡት።»

ሲሶው ሞላ። ሰብሳቢዋ ይህን ስትናገር ድምፏ ሌላ ሆኗል። ከድምፁ በፊት ለአንድ ደቂቃ ኮንሮይ ይናገር አለች።

ኮንሮይ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ተነሳ። «እኔ የውጭ ጉዳይ አላውቅም» አለ። «የጄኔራሉን አገር በካርታ ላይ አሳየን ብትሉኝ አልችልም። ከብት ግን አውቃለሁ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሐኪም ላምህ ታማለች ሲለኝ ደስ አይለኝም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ሰድቤዋለሁ። ግን ሐኪሙን አላስረውም፤ የማስረው ላሟን ነው። ሐኪሙ ከታሰረ በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይነግረኛል? በዚያ አገር አሁን ማን እየተናገረ ነው? ማንም። ማንም ካልተናገረ እኔና እናንተ እራታችን ላይ የምንበላው ምንድን ነው?»

ማይክሮፎኑ ደቂቃው ስላለቀ ተዘጋ። ኮንሮይ አላስተዋለም፤ ጉሮሮው ማይክሮፎን አያስፈልገውም። «ልጁን ይፍቱት» ብሎ ተቀመጠ። አስተርጓሚዎቹ ሳይሰሙት የቀረ ዓረፍተ ነገር ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁሉም ገባው።

ድምፅ ተሰጠ። የውሳኔ ሐሳቡ አለፈ፤ በዚያው ላይ ሥጋው እንዲመረመር የሚል አንቀጽ ጨመሩበት። እጅ ያነሳ ሁሉ ሲታይ ኤውላሊያ ተነስታ ቆመች፤ ከዚያም አጨበጨበች። ትንንሽ እጆች ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አዳራሹን አቋርጦ ሄደ። እኔ ዓይኔን ወደ ማርሊዝ አዞርኩ። ማርሊዝ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ የጣሪያውን መብራቶች በጥሞና ትመረምር ነበር።

እንደ ወረድን የሥርዓት አስከባሪዎች አለቃ ሙሴ ሾትል ደረጃው ሥር ይጠብቃት ነበር።

«ማርሊዝ፣ ሰገነት ላይ አንዲት እንግዳ አጨብጭባለች።»

«አልሰማሁም፣ ሙሴ ሾትል። ጉሙ ጆሮዬን ይዞታል።»

«ቦታሽንም ለቀሽ ቡና ቤት ታይተሻል።»

«ጠምቶኝ ነበር።»

«ምን ጠጣሽ?»

«ምንም። እኔ ስገባ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሄደ።»

ሾትል ክፉ ሰው አልነበረም። ሆኖም ሥርዓት ሥርዓት ስለሆነ እስከ ገና ካፖርት ማስቀመጫ ላይ መደባት። ማርሊዝ «እዚያ ይሞቃል፤ ወሬም ይበዛል» ብላ ሄደች። ገበሬዎቹ ካፖርታቸውን ሊወስዱ በመጡ ቁጥር አይብና ቋሊማ ይተውላት ነበር። ባሏ በዚያ ክረምት እንደወፈረ ሁላችንም አይተናል።

ኤፍራይን ባልካሳር በሚያዝያ ወር ተፈታ። አዋጁ «ለአገር ጥቅም ሲባል» ይላል እንጂ ሌላ ምክንያት አይሰጥም። በዚህ ጉዳይ ከማርሊዝ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በዚያ ክረምት በሽታው ከጄኔራሉ እርሻ ወጥቶ ግማሹን አገር አዳርሷል፤ ጥሩ የከብት ሐኪም አስፈልጓቸው ነበር።

«ያስፈቱት ላሞቹ ናቸው» እላታለሁ።

«ላሞቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ታመው ነበር» ትለኛለች። «ለምን ከዚያ በፊት አልፈቱትም?»

«ያን ጊዜ ገና አልበዙም ነበር።»

«በዝተው ነበር፤ በአዳራሽ ቆሞ ስማቸውን የሚጠራ ነው ያልነበረው።»

እኔ መልስ አላጣም። ነገር ግን ማርሊዝ በክርክር ሰባት ጊዜ ተሸንፋ ስምንተኛውን የምትጀምር ሴት ናት፤ ዝም ማለት ይሻላል።

በተከታዩ መስከረም እናትና ልጅ አብረው መጡ። ማርሊዝ በሮበርትሶ ጓሮዋ ጠረጴዛ ዘርግታ ኮምጣጣ ጎመን ከአሳማ ሥጋ ጋር አቀረበች፤ የአካባቢያችንን ነጭ ወይን ጠጅ እኔ ይዤ ሄድኩ። ኤፍራይን ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ቶሎ የሚስቅ ሰው ነው። ገና ሳይቀመጥ የጎረቤቱን ፍየል አይቶ ኮቴዋ መከርከም አለበት ብሎ ሄዶ ከረከማት። ፍየሏ አላመሰገነችውም፤ ሱሪውን ነከሰችው።

እየበላን ሳለ ወደ ማርሊዝ ዞረ። «እናቴ የዚያን ቀን ነገር በየቀኑ ታወራለች» አለ። «እስር ቤት ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜም ያወራችው እሱን ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር ትላለች። ሰው መቀመጫ አጥቶ ነበር ትላለች። ያንን እያሰብኩ ብዙ ሌሊት አሳልፌአለሁ። እውነት ሞልቶ ነበር?»

ኤውላሊያ ሹካዋን ይዛ ሳህኗን አየች። ማርሊዝ ወይን ጠጅ መቅዳቷን አላቆመችም።

«ሞልቶ ነበር» አለች።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎም ነበሩ፣ ሙሴ አርሴን?»

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ በሕይወቴ በቃሌ የምታወቅ ሰው ነኝ፤ የጫንኩትን ጭኛለሁ፣ ያልጫንኩትን አልጫንኩም እላለሁ። በዚያ ቀን ከሦስት ወንበር ሁለቱ ባዶ እንደነበሩ ከግድግዳው ሥር ቆሜ አይቻለሁ።

«ነበርኩ» አልኩት። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ ነው የሰማሁት።»

ማርሊዝ ሳህኔ ላይ ሥጋ ጨመረችልኝ።